ላይኛው ድምፅ

ማርች 6፣ ሐሙስ

እንደ ሁልጊዜው ከሰዓት በኋላ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው፣ ክፍል በሰዓት ተከራይተው በማሽን ሙዚቃ የሚዘፍኑበት ካራኦኬ ቤት። ዮሪኮ፣ ቺዙሩ፣ እኔ። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ያልተለያየን ሦስት አሮጊቶች... አሮጊት ስል ዮሪኮ ትቆጣለች። "ስልሳ ሁለት ዓመት ምን አላት?" ትላለች፣ አፏን በተጠበሰ ድንች ሞልታ።

የምንዘፍነው የልጅነታችንን ዘፈኖች ብቻ ነው። ያኔ ቴሌቪዥን ላይ ይዘፍኑ የነበሩት ልጆች ነጭ ቦት ጫማ ያደርጉ ነበር፤ እኛ የጉልበት ማሰሪያ አድርገን እንዘፍናለን። መዝጊያችን "የሎሚ ቀለም ጃንጥላ" ናት። ሁልጊዜ። እኔ ላይኛውን ድምፅ፣ ቺዙሩ ታችኛውን። ዮሪኮ ዜማ አይሆንላትም፣ ቃጭል ያላትን ትንሽ ከበሮ ትመታለች።

ዛሬ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ምንም አልወጣም። አየር ብቻ። የእንቅርት ኦፕራሲዮን ካደረግሁ አምስት ወር ሆነኝ፤ እስከ ዛሬ ጉንፋን ነው እያልኩ ነበር። ዮሪኮ እንዳይሰማብኝ ብላ ከበሮዋን እንደ እብድ መታች። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ... ቤት ስገባ ግን የሐኪም ቀጠሮ ያዝኩ።

ማርች 7

ሐኪሙ በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ጉሮሮዬን አየ። ለማውራት ምንም አይልዎትም፣ ቀጭኑ ድምፅ ግን መመለሱን እንጃ አለ።

"ዘፋኝ ነዎት?"

"ሐሙስ ሐሙስ።"

አልሳቀም። ጻፈው።

ማርች 13፣ ሐሙስ

ከክፍላችን የጥሪ ካርድ መጣ። ከተመረቅን አርባ አምስት ዓመት። ኤፕሪል 19 በሆቴሉ አዳራሽ ምሳ። ከሥሩ የክፍል አለቃችን የነበረው ሐማሳኪ በእጁ ጽፏል፦ "ሦስታችሁ በትምህርት ቤቱ በዓል የዘፈናችሁትን እንደገና እንድትዘፍኑልን።"

"እሺ ብዬዋለሁ" አለች ዮሪኮ።

"ማንን ጠይቀሽ?" አልኳት።

"ማንንም፣ ሂሳኤ። ብጠይቅ እምቢ ትሉኛላችኋ።"

አልዘፍንም አልኳት። በአርባ ሰው ፊት አየር ልተነፍስ ነው? ቺዙሩ ሻይዋን ታማስላለች፤ ስኳር ሳትጨምር።

ማርች 16

ገላዬን ስታጠብ ላይኛውን ሞከርኩ። ባሌ ኩኒዮ ከውጭ በሩን አንኳኳ፦ "ድመት ገብታለች እንዴ?"

ማርች 20፣ ሐሙስ

ዮሪኮ መላ አመጣች። ማሽኑ ላይ ዘፈኑን ወደ ወፍራም ድምፅ የሚያወርድ ቁልፍ አለ። ያን ቁልፍ በሕይወቴ ነክቼው አላውቅም፤ ኩራት ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? አራት ጊዜ ተጫነችው። እኔ ተስማማኝ። ቺዙሩ ግን ታችኛውን ልትይዝ ስትሞክር ድምጿ ወለሉ ውስጥ ገባ። በመኪና እየዞረ የተጠበሰ ስኳር ድንች የሚሸጠውን ሰውዬ መሰለች። ዮሪኮ ከሶፋው ልትወድቅ። እኔ ስድን ቺዙሩ ትሰምጣለች፣ ነገሩ ይኸው ነው።

"እንግዲያው ተቀያየሩ" አለች ዮሪኮ እንባዋን እየጠረገች። "ቺዙሩ ላይኛውን ትያዝ። ድሮም የሷ ነበር።"

"ተይ ዮሪኮ" አለች ቺዙሩ።

"ምን ተይ ትይኛለሽ? ያኔ ለበዓሉ የሙዚቃ መምህሯ የሰጠችው ላንቺ አልነበረም? ሂሳኤ መጥታ ወሰደችው እንጂ።"

ከዚያ በኋላ ዮሪኮ ራሷ ደነገጠች። ሌላ ድንች አዘዘች።

ማርች 21

ወሰድኩት እንዴ?

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ላይኛውን የያዘች መሃል ትቆማለች። እናቴ ለበዓሉ ቢጫ ቀሚስ ሰፍታልኝ ጨርሳለች። መምህሯ በሌለችበት "ላይኛውን እኔ ብይዘው ይሻላል" አልኩ... "ይሻላል" ማለቴን አስታውሳለሁ። ቺዙሩ "ግድ የለም" አለች። በቃ። አንድ ደቂቃም አልፈጀ።

መምህሯ ለሷ እንደሰጠቻት አላውቅም ነበር ብዬ ልጽፍ ነበር። የማንም ዓይን የማያየው ደብተር ላይ መዋሸት ምን ይረባል? አውቅ ነበር።

ማርች 22

እንጆሪ ገዝቼ ወደ ቺዙሩና ባሏ ላውንደሪ ቤት ሄድኩ። ሸሚዝ እየተኮሰች ነው። ባሏ እቃ ሊያደርስ ወጥቷል። እንጆሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቆምኩ።

"የሚታጠብ ነው?" አለች።

"ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁት። ለያኔው።"

ካውያውን አነሣች። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈናት።

"ተናደሽብኝ ነበር?"

"የመጀመሪያዎቹን ሃያ ዓመታት።"

ቀልዷን መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

"ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?"

"ደስ ብሎሽ ነበራ። ከዚያ ልማድ ሆነ። ከዚያ ልጆች መጡ፣ ረሳሁት። ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ትዝ ይለኛል።"

"ሐሙስማ በየሳምንቱ ነው!"

"እሱን አውቃለሁ" አለችና ሳቋ መጣ። እኔ ግን ከሳቁ በፊት ትንሽ አለቀስኩ። የደንበኛ መሐረብ አንሥታ ሰጠችኝ፣ "ሰኞ ነው የሚወስዱት፣ አጥበዋለሁ" ብላ። እንጆሪውን ቆመን ጨረስነው።

ላይኛውን ትዪዣለሽ ወይ አልኳት። ሸሚዙን አጣጠፈች። ዘርግታ እንደገና አጣጠፈችው።

"በቤት ውስጥማ ሁልጊዜ እሱን ነው የምዘፍነው። ማጠቢያ ማሽኑ ሲጮህ ማንም አይሰማኝም።"

ማርች 27፣ ሐሙስ

ልምምድ። ቺዙሩ ማይኩን እንደ ጋሻ ይዛ ከኋላው ተደበቀች። የመጀመሪያው ዙር ለራሷም አልተሰማት። ሁለተኛው ትንሽ ተሻለ። በሦስተኛው ዮሪኮ ከበሮዋን አስቀመጠች። ዮሪኮ ከበሮ ስታስቀምጥ አይቼ አላውቅም። ምን ዓይነት ድምፅ ነው... ጥርት ያለ፣ ሳይጨናነቅ ወደ ላይ የሚወጣ። እኔ እኮ እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እጮህ ነበር። አሁን ነው የገባኝ።

እኔስ? ታችኛው ቀላል መስሎኝ ነበር። በየሁለት መስመሩ እየተንሸራተትኩ ወደ ዋናው ዜማ እሄዳለሁ።

"ይቺን ነው ስትዘፍኚ የኖርሽው?"

"ይቺን ነው።"

"ከባድ ናት እኮ።"

"አርባ አምስት ዓመት ፈጀብሽ ለማወቅ" አለች። ቺዙሩ ናት ይህን ያለችው። ዮሪኮ አይደለችም።

ኤፕሪል 10

ሁለተኛውን አንጓ ያዝኩት። ኩኒዮ ለምን እንደ ላም እንደማጉረመርም ጠየቀኝ። ከድመት ወደ ላም... አድጌአለሁ።

ኤፕሪል 19፣ ቅዳሜ

ተመልሼ ጫማዬን ከማውለቄ በፊት መጻፍ አማረኝ።

ሠላሳ ስምንት ሰው። ግማሹን በስም ካርዱ ነው የለየሁት። ሐማሳኪ ጸጉሩ ሁሉ ሄዶ ድምፁ ብቻ ቀርቷል። ምሳው ከአሳው ሾርባ በቀር ምንም አይል። ስማችን ሲጠራ ቺዙሩ እጄን ያዘችኝ። "አመመኝ በዪልኝ" አለች። "እኔም አሞኛል፣ ነዪ" አልኳት።

መድረኩ ላይ እግሬ በራሱ ወደ መሃል ሄደ። አርባ አምስት ዓመት የለመደ እግር። ቆም አልኩና ቺዙሩን በትከሻዋ ይዤ መሃል አቆምኳት። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች ተያዩ።

የመጀመሪያው አንጓ ላይ ዮሪኮ ከበሮዋ አመለጣት፣ እየተንከባለለ የሐማሳኪ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ለእኛ ግን በጀን፣ የቺዙሩ ትከሻ ወረደ። ከዚያ ከፍ የሚለው ቦታ ደረሰ። ወጣች። ሳትጮህ ወጣች። እኔ ከሥሯ ነበርኩ፣ ድምፄ ከሷ ጋር ሲገጥም ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። ላይ በነበርኩበት ጊዜ ይህን አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። የራሴን ብቻ ነበር የምሰማው።

ሹካ የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም። ስንጨርስ አጨበጨቡ።

"ቺዙሩ እንዲህ ትዘፍን ነበር እንዴ?" አለኝ ሐማሳኪ፣ ከበሮውን ይዞ ከጠረጴዛው ሥር እየወጣ።

"ትዘፍን ነበር" አልኩት። "እኔ ነኝ ያላስዘፈንኳት።"

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ቺዙሩ ግን ሰምታለች። የራሷን ኬክ ግማሽ ሳህኔ ላይ አደረገችልኝ።

ኤፕሪል 24፣ ሐሙስ

ዛሬ ስንገባ ዘፈን መምረጫውን ቀድማ ያነሣችው ቺዙሩ ናት። "ካላስቸገርኳችሁ አንድ..." እያለች መጨረሻ ላይ ትጠይቅ የነበረችው ሴት አምስት ዘፈን በተከታታይ አስገባች። አምስቱንም ለብቻዋ።

"ምን ጉድ ነው ያመጣሽብን?" አለችኝ ዮሪኮ በጆሮዬ።

"ድንችሽን ብዪ።"

ተራዬን ጠበቅሁ። መጠበቅ ለካ ያን ያህል አይከፋም... እግሬን ሶፋው ላይ ዘርግቼ፣ ቀዝቃዛ ሻይ ይዤ። በአምስተኛው ላይ ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ፤ ሰዓታችሁ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል ሊሉን ነው። ቺዙሩ በአንድ እጇ ማይኩን እንደያዘች በሌላው አነሣችው።

"አንድ ሰዓት ይጨመርልን" አለች።

እኛን አልጠየቀችም።