የአባባ ማኅተም

ለታናሽ ወንድሜ ለሞሪዮሺ፣

የኦሳካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ እዚህ ኢቶማን፣ የባሕሩ ነፋስ ጣሪያችንን ቢነቀንቀውም ደህና ነን። እኔን ግን ንዴት ሊገድለኝ ነው።

ልጄ ቺናጹ ካራቴ ካልተማርኩ አለች። ወደቡ አጠገብ ታማዮሴ የሚባል ሰው ማሠልጠኛ ከፍቷል። ሳላጣራማ ልጄን አልሰጥም ብዬ ይዣት ሄድኩ።

«ማነው ያስተማረህ?» አልኩት።

«መምህር ዜንኮ ናቸዋ፣ እትዬ! እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ።»

ሟቹን አባታችንን! ያውም በእኔ ፊት! የአባባን ተማሪዎች ሁሉ ሩዝ እየቀቀልኩ ያበላሁት እኔ ነኝ፤ ይሄን ፊት አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ዓይን አውጣ!

«ማስረጃህን አምጣ» ስለው ምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው አውርዶ ሰጠኝ። ፊርማው ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ የአባባ አይደለም። ማኅተሙ ግን የአባባ ነው። ቀለሙ ትናንት የተመታ ይመስል ገና ደማቅ ቀይ ነው፤ ልጅ ሳለህ ጥለኸው የተሸረፈው ጠርዝ እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ላዋርደው ተነሥቼ ነበር፤ ማኅተሙን ሳይ ግን ወረቀቱን መልሼለት ወጣሁ። ቺናጹ «ምነው ዝም አልሽው?» ብላ እስካሁን አኩርፋኛለች። እኔም ዓሣ ስከትፍ ጣቴን ቆረጥኩ።

ለመሆኑ ሥራ እንዴት ነው? ስልክህስ ለምን አይሠራም? እየበላህ ነው?

በሚያዝያ እንደየዓመቱ ልማዳችን አባባ መቃብር ላይ ምሳ ስንበላ እንዳትቀር። አባባ ሲሞት አደራ የሰጠሁህን ማኅተሙንም አምጣው፤ ልወልውለው።

ሳትይዘውም ቢሆን ና። ና ብዬሃለሁ!

እህትህ ሴትሱኮ