ፕላስተር የተለጠፈባቸው ላፕቶፖች

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባዬ፣
ቡታጅራ

አባዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፤ ብርዱ አልጠናበትም? ግራ ጆሮዎ ሻል አለው ወይስ እንደ ክረምቱ ይጮህብዎታል? የእማዬስ ስኳር ወረደ? እማዬ በስልክ ስጠይቃት «እኔ ምን ሆኜ!» እያለች ስለምታታልለኝ እውነቱን እርስዎ ይጻፉልኝ። እኛ እዚህ ልደታ፣ እመቤታችን ትመስገን፣ ልጆችዎ እኔም ቤኪም ደህና ነን። ቤኪ እንዲያውም ቦርጭ ጀምሯል። ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን የለም።

በሾፌሩ በሁመድ እጅ የላኩት ደብዳቤ ደርሶኛል። «ገበያው ቀዝቅዟል ሲሉ ሰማሁ፤ ባሕር ዛፉን ሽጬ ሱቃችሁ ውስጥ ያስገባሁትን ድርሻ ላውጣና የቤቱን ቆርቆሮ ልቀይር፣ ወይስ ልተወው?» ብለው ጠይቀውኛል። ሳልመልስልዎት ሦስት ሳምንት የቆየሁት ችላ ብዬ እንዳይመስልዎት። መጀመሪያ የምናዘዘው ጥፋት አለኝ፤ እሱን ለመጻፍ አፍሬ ነው።

ገበያው እውነትም ቀዝቅዟል። ዕቃ ሁሉ ከተወደደ ወዲህ ጌጃ ሰፈር ባለችው ሱቃችን ዝንብ እሽ ስንል የዋልንባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ከሜክሲኮ አካባቢ ኮሌጆች የሚመጡት ተማሪዎች ላፕቶፑን ያገላብጣሉ፣ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ «እንመለሳለን» ብለው ይሄዳሉ። ስለዚህ ሦስታችን፣ እኔ፣ ቤኪና ሀያት፣ አሥር ያገለገሉ ላፕቶፖች ብቻ ገዝተን የቀረውን ገንዘብ ለሱቅ ኪራይ ልናስቀምጥ ተስማማን። ሀያትን አይረሷትም፤ ባለፈው መስቀል ይዣት የመጣሁት፣ ሬዲዮዎን የጠገነችልዎት የስልጤዋ ልጅ ናት። የላፕቶፕ ነገር ከእሷ እጅ አያልፍም። ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን ብታስጠጋ ከማራገቢያው ድምፅ ብቻ የማን ሥራ እንደሆነ ትነግርዎታለች።

ጭቅጭቁ የመጣው የትኛውን እንግዛ ሲባል ነው። እማዬም እንዲገባት፣ ቺፕ የሚባለው የኮምፒውተሩ አንጎል ነው። ይህን አንጎል እየሠሩ ሲፎካከሩ የኖሩ ሁለት የውጭ ኩባንያዎች አሉ። እኛ በስማቸው አንጠራቸውም፤ ላፕቶፑ ላይ በሚለጠፈው ስቲከር ሰማያዊውና ብርቱካናማው እንላቸዋለን። ቤኪ የሰማያዊው ወገን ሆነ። ሰው እጁ ሲያጥር የሚያውቀውን ስም ነው የሚገዛው፣ በዚህ ገበያ ማንንም አዲስ ነገር ማስተማር አይቻልም አለ። ሀያት ደግሞ ብርቱካናማው ዋጋው ቀለል ይላል፣ ተማሪ ስም አይበላም አለች። ቤኪ ጠዋት ጠዋት በስልኩ የውጭ ባለአክሲዮኖች ስለ ሁለቱ ኩባንያዎች ዋጋ የሚከራከሩትን እያነበበ «ዛሬ የእኛ ወጣ» ይላል፤ ከሰዓት እሷ «የእናንተ ወረደ» ትለዋለች። ጎረቤታችን ወይዘሮ ወለተሰንበት፣ ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ሠላሳ ዓመት ማመልከቻ ስትጽፍ የኖረችው፣ «እነሱስ ሚሊዮን ይዘው ነው የሚጨቃጨቁት፤ እናንተን በአሥር ላፕቶፕ ምን አስጮኻችሁ?» ብላ አስቃናለች።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው አባዬ። የእርስዎን ድርሻ የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ሁለቱም የሚጠብቁት የእኔን ቃል ነበር። ቤኪ ብቻዬን ሲያገኘኝ «ልክ ነህ» አልኩት። ሀያት ስትጠይቀኝ ደግሞ ፊቷን አይቼ ይሉኝታ ያዘኝና «ልክ ነሽ» አልኳት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ እኔ ወጣሁ። ሁለቱም እኔን ተማምነው፣ አንዱ ከሌላው ተደብቆ፣ ተክለ ሃይማኖት ላለው አስመጪ ለቶሌሳ ከሱቁ ገንዘብ የአሥር የአሥር ላፕቶፕ ዋጋ ከፈሉ። በአንድ ቀን ሃያ ላፕቶፕ መጣና ደጃችን ላይ ተራገፈ። የኪራዩም ገንዘብ በዚያው ሄደ።

የዚያን ዕለቱን ጩኸት አልጽፍልዎትም። ቤኪ ያልተገባ ቃል ተናገረ፤ ሀያት መፍቻዎቿን በቦርሳዋ ከትታ ወጣች። ሦስት ቀን አልመጣችም። እኔ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለሁለቱም ተናገርኩ፤ ግን ማን ይስማኝ። አባዬ፣ እውነቱን ልንገርዎትና ያኔ ሱቁ አለቀለት ብዬ ድርሻዎን የምመልስበትን መንገድ ሳሰላስል ነበር።

ያስታረቀችን ወይዘሮ ወለተሰንበት ናት። ሀያትን ራሷ ሄዳ ይዛት መጣች። ከዚያ ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ላፕቶፕ አስወጣችና ስቲከሩ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጠፈችባቸው፤ በውጭ መልካቸው አንድ ዓይነት ናቸውና አይለዩም። «በሉ፣ ሁለታችሁም እየሞከራችሁ የምትወዱትን ምረጡ» አለች። ቤኪ ፊልም ከፈተ፣ ጻፈ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፤ በመጨረሻ «ይሄ ነው የእኔ!» ብሎ አንዱን ደረቱ ላይ አስደገፈ። ፕላስተሩ ሲላጥ ብርቱካናማው ሆኖ ተገኘ። ምስኪን ወንድሜ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ወይዘሮ ወለተሰንበት ፕላስተሩን መልሳ ለጥፋ፣ ፊታችንን አዙረን ሳለን ቦታቸውን አቀያየረችና ተራው የሀያት ሆነ። ጎንበስ አለች፣ ጆሮዋን ወደ አንደኛው፣ ከዚያም ወደ ሁለተኛው አስጠጋች። ቀና ብላ ቤኪን አየችው። ከዚያም ሰማያዊውን አነሳች። ፕላስተሩ ሲላጥ ሱቁ በሳቅ ተናጋ፤ ከሁሉ በላይ የሳቀው ቤኪ ነበር። ያን ዕለት ይቅርታ ጠየቃት፤ መፍቻዎቿም ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ጆሮዋን ስታስጠጋ ግን እኔ አይቻታለሁ አባዬ። እሷ በድምፅ ተሳስታ አታውቅም። አልጠየቅኳትም፤ አልጠይቃትምም።

አሁን ሃያውንም ፕላስተር ለጥፈንባቸው ገዢ እየሞከረ እንዲመርጥ እናደርጋለን። ተማሪዎቹ ጨዋታ አድርገውት ጓደኛ እየጎተቱ ይመጣሉ። ከሁለቱም ተደባልቆ ዘጠኝ ሸጠናል፤ የዚህ ወር ኪራይም ተከፍሏል። ገበያው ሞቋል ብዬ አልዋሽዎትም። ድርሻዬን ላውጣ ላሉት ግን መልሴ፣ እባክዎ ይተዉት ነው። የትኛው ቺፕ እንደሚያሸንፍ ዛሬም አላውቅም። የሰው ፊት እንዳይጠቁር ብላ አውቃ የምትሸነፍ ሸሪክ እንዳለችኝ ግን አውቄያለሁ፤ እንቅልፌንም የምተኛው በዚህ ነው። ቆርቆሮውን ክረምት ሳይገባ ሦስታችን እንቀይረዋለን።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ ደብዳቤውን ሲያነቡላት ግን የሀያትን የጆሮ ነገር ይዝለሉት፤ ለቤኪ ሳትነግረው አታድርም። ለእህቴ ለሃኒ፣ ፈተናዋን ካለፈች ላፕቶፕ እንዳለላት፣ ፕላስተሩን ግን ራሷ እንደምትልጠው ይንገሯት። ለአጎቴ ለተስፋሚካኤል፣ ለጎረቤታችን ለእትዬ መይሙናም ሰላምታዬ ይድረስ። ሀያት «ሬዲዮው እንዴት ነው?» ብላለች። ቤኪም አጠገቤ ቆሞ «ለአባዬ፣ በመጨረሻ እኩል ለእኩል ወጣን በይልኝ» እያለ ነው። እርስዎም፣ አደራ፣ እንደዚያው ይመኑለት።

አክባሪ ልጅዎ
እድላዊት ገብረጊዮርጊስ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.