መድረክ ላይ ነኝ ብዬ ጽፌላት

ሚያዝያ 24 ቀን 2010
ዛሬ አራዳ ገበያ ፍሪጅ ተሸከምሁ። ለብቻዬ! ሚስቴ ሐረገወይን አብራኝ ብትኖር "ለብቻህ?" ትል ነበር… እሺ፣ ሁለት ሰው አግዞኛል። ደብተሩ የራሴ ነው፣ ለራሴም እዋሻለሁ እንዴ?

"እጅህ እንዳይረሳ ጻፍ" ያለችኝ መምህርት ሐዲጃ ናት። የማታ የፊደል ትምህርቱን አንደኛ ወጥቼ ጨረስሁ። (ሰባት ነበርን።)

ግድግዳ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘሁ። ጮክ ብዬ አነበብሁት። "የሮክ ሙዚቃ ፌስቲቫል። ግንቦት 4፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።" ሰው ዞሮ አየኝ። ሸጋ ነበር። ቤት ገብቼ ግን ለማን ልንገር? ሐረገወይን ኮላ ድባ ወንድሟ ቤት ከገባች ሁለት ዓመት ሆናት። "ሃያ ዓመት ቀለድህብኝ፣ አንድ ቀን ቁም ነገር አትነግረኝም?" ብላ ነው የሄደች። ያኔም ቀለድሁ።

ሚያዝያ 28
ለፌስቲቫሉ ዕቃ እንድሸከም ተቀጠርሁ። ድምፅ ማጉያ፣ ከበሮ፣ ሽቦ በሽቦ።

በገዛ እጄ ለሐረገወይን ደብዳቤ ጻፍሁ። የመጀመሪያዬ። የወንድሟ ልጅ ታነብላታለች። "ግንቦት 4 መድረክ ላይ ነኝ፣ ነይና እዪኝ" አልሁ። ውሸት ነው? ከበሮውን ይዤ መድረኩ ላይ እወጣ የለ! ደብዳቤውን የኮላ ድባ ሚኒባስ ለሚነዳው ለጃቢር ሰጠሁት።

ግንቦት 3
ባንዶቹ ልምምድ ላይ ዋሉ። ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች ባንዳቸውን "ዝገት" ብለውታል። ሙዚቃው ፓንክ ነው አሉኝ። ምንድን ነው ብል "መጮህ።" መጮህማ እኔም ገበያ ውስጥ "ዞር በሉ!" ስል ኖሬያለሁ፣ ማን ከፈለኝ?

ዘፋኟ ፍቅርተማርያም ትባላለች። ስሟ የቄስ ልጅ፣ ጠጉሯ ግማሹ የተላጨ። አላስቻለኝም። አዝማሪ ቤት እንደማደርገው መድረኩ ሥር ቆሜ "ተቀበይ!" አልሁ። ጊታሩ ቆመ። አንዱ ሊያስወጣኝ መጣ። እሷ ግን ማይኩን አነሣች።
"ስጠኝ ጋሼ።"
በጠጉሯ ላይ ሁለት ግጥም ሰጠኋት። ተቀብላ ጮኸችው፣ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ፦
"ቀልዱን ሰማን። ቁም ነገርስ የለህም?"
እንዴት አወቀች? ሁለት ዓመት ለማንም ያልሰጠሁትን አወጣሁ፦

ቀልዴን ሁሉ ሸጥሁት ገበያ ወጥቼ፣
አንዱን ቁም ነገሬን ላንቺ አስቀርቼ።

አልሳቁም። "ነገ እዘፍነዋለሁ" አለች።

ግንቦት 4
ዘፈነችው። ዘፈነች አይባልም… ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸችው፣ ሜዳ ሙሉ ወጣት አብሯት እየዘለለ።

እኔ ከመድረኩ ኋላ የከበሮ ሳጥን ላይ ተቀምጫለሁ። ወጥቼ ሰዉን ላየው ነበር። ሐረገወይን መጥታ ቢሆንስ? መድረክ ላይ ነኝ ብያት ሽቦ ስጠቀልል ልታየኝ? አልወጣሁም።

ግንቦት 6
ጃቢር መናኸሪያ አገኘኝ።
"አያ ሐብተ ማርያም፣ ምነው፣ ቅዳሜ የት ገብተህ ነበር? ሐረገወይንን አምጥቼ መለስኋት እኮ!"
"መጣች?"
"ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆማ። ዓይኗን ከመድረኩ ሳትነቅል።"
"ግጥሙንስ ሰማች?"
"ያቺ ግማሽ ላጭ ስትጮህ 'ይኼ የእሱ ነው' አለች። 'እሱስ የታለ?' አለችኝ። ምን ልበላት? እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ 'ያው እንደ ልማዱ ነው፣ መልሰኝ' አለች።"
ሳልቀልድ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በእኔና በሐረገወይን መካከል የነበረ አንድ ጨርቅ ነው። የመድረኩ መጋረጃ ጨርቅ!

ግንቦት 8
ሦስት ወረቀት ቀደድሁ። ሁሉም ውስጥ ጉራ ነበረበት። አራተኛው ይኸው፣ እዚህም ገለበጥሁት፦

"ሐረገወይን፣ መድረክ ላይ አልነበርሁም። ዕቃ ተሸካሚ ነበርሁ። ስትጠብቂኝ ከኋላ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ነበር፣ አፍሬ ነው ያልወጣሁት። ግጥሙ ያንቺ ነው። ቅዳሜ ኮላ ድባ እመጣለሁ። አትምጣ ካልሽ ለጃቢር ንገሪው። ፍሪጅም ለብቻዬ ተሸክሜ አላውቅም።"

ጃቢር ወረቀቱን ኪሱ ከተተና ሞተሩን አስነሣ።
"ደሞ ምን ብለህ ጻፍህላት? እስቲ ንገረን እንሣቅ!"
አልነገርሁትም።