ከጦሮቹ መሀል የተሰካችው አበባ

ውድ ኤሜት፣

ዊልማን ባለፈው ቅዳሜ ቀበርናት። ልጅህ እንደነገረህ አውቃለሁ። ለምን እንዳልመጣህም አውቃለሁ፤ ኦረስት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ለሚስቱ ቀብር የመጣውን ሰው ሲቀበል በፊቱ ማለፍ አልሆነልህም። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ለማንም አልተናገርኩም።

የምጽፍልህ ልወቅስህ አይደለም። ከሬጃይናው የካርታ ውድድር ወዲህ አንተ ያልሰማኸው ነገር ስላለ ነው። በስልክ ብጀምርልህ አቋርጠህ ስለ አየሩ ትጠይቀኛለህ፤ በወረቀት ግን እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

ያን ቀን እኔና አንተ በአንዱ ጠረጴዛ ነበርን፣ ዊልማና ኦረስት ደግሞ ለእኛው ቡድን በሌላው ክፍል፣ በእኛ ጠረጴዛ ተጋጣሚዎቻችን የያዙትን ያንኑ ካርታ ይዘው፤ በእኩል ካርታ ብዙ ዙር የወሰደው ቡድን ነው የሚያሸንፈው። ካሸነፍን ለአገር አቀፉ ፍጻሜ ሀሊፋክስ እንሄዳለን። ለእኔና ለአንተ ሀሊፋክስ ከተማ ነበር። ለዊልማ ባሕር ነበር። ስንዴ መሀል ተወልዳ ስንዴ መሀል ያረጀች ሴት፣ ሐኪሙ በሽታዋ እንደማይድን በነገራት ማግስት «ባሕር ሳላይማ አልሞትም» ብላን ሳቀች። እኛም አብረናት ሳቅን። ኦረስት አልሳቀም።

የመጨረሻው ካርታ ሲታደል፣ በኋላ እንዳወቅነው፣ ሁለቱ ቡድኖች እኩል ለእኩል ነበሩ። ከካልጋሪ የመጣችው ወጣት ከካርታዎቹ ዓይነት ጦርን የሌሎቹ ገዢ አድርጋ አስር ዙር እወስዳለሁ ብላ ገባች። አበባ ስትመዝብህ አንተ በጦር ቆረጥክባት። የሰበራት ያ ዙር ነው። ትንሽ ሄዳ ከዘጠኝ በላይ እንደማይደርሳት ስታውቅ «በቃ፣ አንድ ጎደለኝ» አለችና የቀራትን ካርታ ጣለች። እኔ በሆዴ ሀሊፋክስ ደርሻለሁ።

በእጅህ የቀሩትን ካርታዎች ያኔ ነው ዘርጋ አድርገህ ያየኸው። ከጦሮቹ መሀል አንዲት ሦስት ቁጥር አበባ ተሰክታለች። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ መብራቱም ደካማ ነበር። አበባ እያለው በጦር የቆረጠ ይቀጣል። ግን ማንም አላየህም። እኔ እንኳ ከፊት ለፊትህ ተቀምጬ አላየሁም። ካርታውን ገልብጠህ ወደ ቦታው መመለስ ብቻ ነበር የቀረህ። አንተ ግን አበባዋን ጠረጴዛው ላይ ገልጠህ አስቀመጥካትና እጅህን አንስተህ ዳኛ ጠራህ።

ዳኛው ሲሰማህ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጌታዬ፣ የራስዎን ስህተት እንዲናገሩ ሕጉ አያስገድድዎትም እኮ። እሷ አላየችም» አለህ።

«እኔ አይቻለሁ» አልከው።

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። ይቅር ሊባል ይችል እንደሆነ ጠየቀች። ከተነገረ ወዲያ አይቻልም ነበር፤ ሁለት ዙር ተነሥቶብን ለእነሱ ተሰጠ። አንድ ጎድሏት የነበረችው ጭራሽ አንድ ተረፋት። ዊልማና ኦረስት በዚያው ካርታ ልክ አስሩን ወስደው ነበር፣ ያለ ቅጣት ከዚያ በላይ ማንም ሊወስድ አይችልም። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።

ኮሪደሩ ላይ ኦረስት ያለህን መድገም አልፈልግም፤ ሳልደግመው ግን የቀረው አይገባህም። «ጽድቅህን በራስህ ገንዘብ ግዛ፤ በሚስቴ ባሕር አትግዛ» አለህ። ዊልማ ክንዱን ይዛ ወሰደችው። አንተም ብዙ ሳትቆይ ቤትህን ሸጠህ ካምሉፕስ ልጅህ ዘንድ ገባህ፤ ለጠየቀህ ሁሉ የከተማችን የሙስ ጆ ብርድ ለጉልበቴ አልስማማ አለኝ እያልክ።

ያልሰማኸው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

መስከረም ላይ ኦረስት አጨዳውን ለወንድሙ ልጅ ጥሎ ዊልማን በመኪና ይዟት ወጣ። አውሮፕላን ተከልክላ ስለነበር በየመንገዱ እያደሩ ሀሊፋክስ ድረስ ሄዱ። ስትመለስ ላያት ሄጄ ባሕሩ እንዴት ነበር ብላት፣ «ይሸታል። ደስ ይላል፣ ግን ይሸታል» አለችኝ። ከዚያ የመንገዱን ነገር ነገረችኝ። ኦረስት መሪውን ይዞ ስምህን ያነሳል፣ ይተዋል፣ ደግሞ ያነሳል። ኦንታሪዮ ጫካ መሀል ሲደርሱ መኪናውን አቁም አለችው።

«ስማኝ ኦረስት። አንተ የተናደድከው በበሽታዬ ነው። እሱን የት አግኝተህ ትመታዋለህ? አህያውን ፈርተህ ዳውላውን ነው የመታኸው። ኤሜት ቅርብ ስለተገኘ ነው።»

ወርዶ ጥድ ሥር ቆመ። እሷ መስኮቷን ዘግታ ጠበቀችው። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ መኪናውን አስነሳ። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ በክፉም በደግም ስምህን አላነሳም።

ትናንት ሐሙስ ነበር፣ በአርበኞች አዳራሽ የጨዋታችን ቀን። ኦረስት ከቀብሩ ሳምንት ሳይሞላ ይመጣል ብሎ የጠበቀ የለም። መጣ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ አጠገቤ ቆመና ካምሉፕስ የሚያጫውትህ ሰው አግኝተህ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከሄደ ወዲህ ካርታ አልነካም አልኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እሷ የነበረችበት ወንበር ላይ ሌላ ሰው ማየት አልችልም» አለኝ። «እሱ ከሆነ እችላለሁ። አንቺ ንገሪልኝ ዶሪን፤ ከእኔ አፍ አይወጣም።»

ነገርኩህ። ከኦረስት ጋር ከተቀመጥክ እኔ የጨዋታ ጓደኛዬን ማጣቴ ነው፤ አስቤበታለሁ። ከአዲሶቹ ተጫዋቾች አንዷን ይዤ እገባለሁ፣ ትንሽ ትፈጥናለች እንጂ ክፉ አትጫወትም። ለእኔ ብለህ እንዳትቀር።

አንድ ነገር ግን ይኸውልህ። ካርታ ተይዞ ከጓደኛ ጋር ማውራት ክልክል ነው፤ እኔና አንተ ከጨዋታ ውጭም ያው ለመደብን። ያን ቀን «እኔ አይቻለሁ» ስትል ኦረስት እንደተቆጣ እኔም የተቆጣሁ መስሎህ ይሆናል፤ ወደ ቤት ስንነዳ ዝም ብዬህ ነበርና። ቁጣ አልነበረም። ባሌ ከሞተ ወዲህ ልቤ ለሰው እንደዚያ ተንቀሳቅሶ አያውቅም፤ አፌን ብከፍት ምን እንደሚወጣ አላወቅሁም።

የምትመጣበትን ቀን ብቻ ጻፍልኝ። ከሬጃይና አውሮፕላን ማረፊያ ኦረስት ራሱ ሊቀበልህ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይሄድ ብሏል። እስከ ሙስ ጆ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሁለታችሁ ዝም ብትሉም የሚታዘባችሁ የለም። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። እኔን በስሜ ጠርቶ አትሂጂ ያለኝ የለም።

ያንተዋ
ዶሪን