ካቴናዬን ያጠበቅክልኝ ቀን

ልጄ፣

ሰላምታውን ትንሽ ላቆየውና ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር አስቀድሜ ልጻፍ። ሰላምታ ውስጥ ከገባሁ እንደ ልማዴ እዚያው ተሸሽጌ እቀራለሁ። ሞተርህን የሸጠው አባትህ አይደለም። እኔ ነኝ።

ይኸው ተጻፈ። አሁን እንደ ወጉ ልጠይቅህ። እንዴት ከርመሃል? ብርድ ሲነካው ያሠቃይህ የነበረው ጆሮህ ተሻለው ወይ? ባለቤትህስ ደኅና ናት? ማግባትህን ከአክስትህ ስሰማ ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ ጎረቤት ምን ነካት እንዳይል ዋጥ አደረግኩት። እኔ ደኅና ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም መስፋቱን አልተውኩም። ዓይኔ ክር ለማስገባት መነጽር ይለምናል፤ ለመንገድ ግን ገና አልሰነፈም። ለምን መንገድ እንዳልኩ ቆይቼ እነግርሃለሁ።

ያን ቀን አንተም አትረሳውም። እኔ ደግሞ አንተ ያላየኸውን ልንገርህ። አባትህ ዳቦ ቤት ነው፣ አንተ ፈተና ላይ ነህ። ሞተሩ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ሁለታችሁ ከወዳደቀ ብረት አንስታችሁ ነፍስ የዘራችሁበት ሞተር። አባትህ ከሥራ ሲመለስ የዱቄት እጁን ሳይታጠብ ግራሶ ይነካበት ነበር፤ እኔ በመስኮት አያችሁ ነበር። ስትስቁ እሰማለሁ። ምን እንዳሳቃችሁ አንድም ቀን ወጥቼ አልጠየቅኩም።

በዚያው ሰሞን ለጓደኛህ በአጥር በኩል ስትነግረው ሰማሁ። ፈተናው እንዳለቀ በሞተርህ ራቅ ወዳለ ከተማ ሄደህ ሥራ ልትይዝ ነው። ስለዚህ ብረት ገዢውን ከመንገድ ጠራሁት። ጋሪው ላይ ሲጭነው ቆም ብሎ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ይሠራል» አለኝ። «ውሰደው» አልኩት።

አደጋ እንዳይደርስብህ ፈርቼ ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖርኩ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን እንዳትሄድብኝ ነው። አንተ ከሌለህ ያ ቤት ምን ድምፅ እንደሚኖረው አስቤ ጨነቀኝ። ሂድ ማለትም ቅር ማለትም የእናት ነው፤ ያልወለድኩህ እኔ ደግሞ በየትኛው አፌ? ስለዚህ ሰረቅኩህ።

አባትህ ካንተ ቀድሞ ገባ። ባዶውን ቦታ አየ፣ እኔን አየ። አልጮኸብኝም። እጁን መዝጊያው ላይ አስደግፎ «የሸጥኩት እኔ ነኝ። አንቺ እንዳትናገሪ» አለኝ። «ለምን?» አልኩት። «አንቺን አንዴ ከጠላ አለቀ፤ የሚያስታርቃችሁ ሥጋና ደም የላችሁም። እኔን ይኩረፈኝ። አባቱ አይደለሁ? ትንሽ ይኮርፍና ይመለሳል» አለ። አባትህ በሕይወቱ ሊጥ ገምቶ ተሳስቶ አያውቅም። አንተን ግን ተሳሳተ።

ስትጮህበት እኔ ማዕዘኑ ላይ የሸሚዝ አንገት እየገጠምኩ ነበር። አፌ እስፒል ሞልቶት ነበር። እስፒሎቹን ተፍቼ መናገር እችል ነበር። አልተፋኋቸውም። አንተ በሩን ዘግተህ ወጣህ።

አባትህ ሲታመም «ይመጣል» ይል ነበር። ሲብስበትም «መንገዱ ርቆት ነው እንጂ ይመጣል» ይለኝ ነበር፤ እኔን ሊያጽናና። እሱ እኔን! «ልጻፍለትና እውነቱን ልንገረው» ብለው «ተይ፣ አሁን ሁለታችንንም ያጣል» አለኝ። ቀብሩ ላይ አልመጣህም፤ አልፈርድብህም። ከዚያ ወዲህ የላክኋቸው ደብዳቤዎች ሳይከፈቱ ተመለሱ። አልቆጭም፤ ብትከፍታቸውም ከሰላምታ በቀር ምንም አልነበረባቸውም።

አሁን ደግሞ የማታምነውን ስማ። ሞተር ገዛሁ።

ከምሰፋበት ቤት አለፍ ብሎ አንድ ሞተር ጠጋኝ አለ። ወሬ ስለማያቋርጥ ሰፈሩ ሁሉ ሬዲዮ ይለዋል። በሩ ላይ አንዲት ትንሽ ክሩዘር ለሽያጭ አቁሞ ነበር። መቀመጫዋ ዝቅ፣ መሪዋ ሰፋ፣ ነዳጅ መያዣዋ ወፈር ያለ፤ ሲያዩዋት ትልልቆቹን ትመስላለች፣ ጉልበቷ ግን የልጅ ነው። የአባቷን ካፖርት ለብሳ በር ላይ የቆመች ልጅ በላት። የወሰድኩብህን ልመልስልህ ብዬ፣ ላንተ ልገዛት ገባሁ። ሬዲዮ «እስቲ ይቀመጡባት፣ እማማ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ሁለቱም እግሮቼ መሬት ነኩ። ያን ጊዜ ሐሳቤ ተለወጠ።

ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤታችን ገና ስታየኝ «አንቺ ሴትዮ፣ ባልሽ ነው የሞተው ወይስ አንቺ ነሽ መሞት ያማረሽ?» አለችኝ። «ደርሼ ስመለስ እነግርሻለሁ» አልኳት። አሁን ስወጣ በመስኮት ትቆጣኛለች፤ ስመለስ ግን ከኋላዬ የተቀመጠ ወንድ ይኖር እንደሆነ አንገቷን አስግጋ ታያለች።

የሞተሯን መመሪያ ጀርባው እስኪላቀቅ አነበብኩት። ፍሪሲዮን እንዴት እንደሚለቀቅ፣ ማርሽ መቼ እንደሚገባ በቃሌ ልወጣልህ እችላለሁ። ባዶ ሜዳ ላይ ስንወጣ ግን አንዴ ዘለል አለችና ጠፋች። ደግሜ ሞከርኩ፣ ጠፋች። ሬዲዮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እማማ፣ መጽሐፉን ያነበቡት እርስዎ ነዎት። እሷ እኮ ፊደል አልቆጠረችም» አለኝ። «እኔም የቆጠርኩት ባል ካገባሁ በኋላ ነው፤ ትደርሳለች» አልኩት።

ይህንንም አታውቅም። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ። ጠረጴዛው ላይ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ስታነብ፣ እኔ ከጀርባህ ቁልፍ እየተከልኩ ጣትህ የሚሄድበትን በዓይኔ እከተል ነበር። ገጹን ቶሎ ስትገልጠው በልቤ «ቆይ፣ ቆይ» እልህ ነበር። ዛሬ እጄ የገባውን መጽሐፍ ሁሉ አነባለሁ። አንዳንዱን ብቻዬን ስሟገተው እውላለሁ።

መንዳቱ የገባኝ መመሪያውን ትቼ የስፌት መኪናዬን ሳስብ ነው። ወፍራም ጨርቅ ላይ ስትደርስ እግሬ ፔዳሉን እንዴት በቀስታ እንደሚረግጠው ለእጄ ነገርኩት። ሞተሯ ሳትዘል ሄደች። ሬዲዮ እየሮጠ ከኋላዬ «ፍሬን! ፍሬኑንም ያስታውሱ!» ይላል።

ከዚያ ማሻሻሉ መጣ። የቀድሞው መሪ እጄን ያርቀው ስለነበር ወደ እኔ በሚቀርብ ተለወጠ፤ ዕድሜዬን ሙሉ መቀስ የያዘው አንጓዬ ተንፈስ አለ። መቀመጫውን ለሌላ ሰው አልሰጠሁም። ልባሱን ራሴ ፈትቼ፣ ስፖንጅ ጨምሬ፣ ድርብ ስፌት መታሁበት። ለሁለቱ ጎኖቿ ከሸራ ቦርሳ ሠራሁላት። ከፊት ነፋስ የሚመልስ መከለያ ገባላት። በመጨረሻ ሬዲዮን «ረጅም መንገድ ላይ ስትፈጥን እንዳትጮህ ምን ይደረጋል?» ብዬ ጠየቅኩት። ካቴናውን የሚያዞረውን የፊቱን ጥርስ በትንሹ በሚበልጥ እንደሚለውጠው፣ አዲስ ካቴናም እንደሚያስገባ ነገረኝ። «ግን ዳገት ላይ ትሰንፋለች። ለገበያና ለቤት ይሄ ሁሉ ምን ያደርግልዎታል?» አለ። «ለገበያ አይደለም» አልኩት። «ታዲያ የት ሊሄዱ ነው?» «ልጄ ጋ።»

ልጅ እንዳለኝ ነግሬው አላውቅም ነበር። ሬዲዮ ተዘጋ። ሲያስረክበኝ ብቻ «አዲስ ካቴና መንገድ ላይ መላላቱ አይቀርም። ሲንኳኳ ከሰሙ ቆመው ያስጠብቁ» አለኝ።

መንገዱን እንዴት እንደምነግርህ አላውቅም። ነፋሱ መከለያውን አልፎ በእጅጌዬ ይገባል። የእርጥብ ሣር ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ የጭነት መኪና ጭስ፣ ከዚያ ደግሞ ሣር። ነዳጅ ስቀዳ አንድ ሹፌር «እማማ፣ ይሄን ሞተር ማን ረስቶብዎት ነው?» አለኝ። «እኔው ነኝ የረሳሁት፤ አሁን ትዝ ብሎኝ ነው» አልኩት፤ ሳቀና መንገድ ለቀቀልኝ። ሄልሜቴ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ራሴን ሰማሁት። ልጄ፣ ምን እንደወሰድኩብህ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ብረት የወሰድኩብህ ይመስለኝ ነበር።

አዎ፣ መጥቼ ነበር። አክስትህ የነገረችኝን ሰፈር ጠይቄ፣ የውኃ ፓምፕ የምትጠግንበት በር ድረስ። የምናገረውን ቃል መንገዱን ሙሉ ስደጋግመው ነበር። ከተማው መግቢያ ላይ ግን ካቴናው መንኳኳት ጀመረ፤ በርህ ጋ ስደርስ አንተ ከእኔ በፊት የሰማኸው እሱን ነው። ካቻቢቴህን በጥርስህ ነክሰህ ተንበርክከህ ነበር። ቀና ብለህ ያየኸው ሞተሯን ነው። እኔ ሄልሜት አጥልቄ፣ አፌን በሻርፕ ሸፍኜ ነበር። «እናቴ፣ በዚህ ካቴና ነው ከሩቅ የመጡት? ይውረዱ፣ ይውረዱ» አልከኝ። ላገኙት አሮጊት ሁሉ እንዲህ እንደሚባል አውቃለሁ። ቢሆንም ወረድኩ።

የኋላውን ጎማ ብሎን ፈታህ። ጎማውን ወደ ኋላ ሳብ አደረግህና ካቴናውን ከሥር በሁለት ጣትህ እየነካህ ዓይንህን ጨፈንክ። አባትህ ሊጥ ሲነካ ልክ እንዲያ ነበር። ብሎኑን መልሰህ ስታጠብቅ መቀመጫዋን ዳሰስከው። «ይሄን የሰፋው ሰው ሥራ ያውቃል» አልክ። ራሴን ነቀነቅኩ።

ከዚያ አንድ ሕፃን ከውስጥ እየሮጠ መጥቶ እግርህ ላይ ተጠመጠመ። «ተው፣ እጄ ግራሶ ነው» አልከው፣ በስሙም ጠራኸው። መሪውን አጥብቄ ያዝኩ። ያ የአባትህ ስም ጮክ ተብሎ ሲጠራ ከቀብሩ ወዲህ አልሰማሁም ነበር።

ይቅር ብለኸዋል ማለት ነው። መቼ እንደሆነ አላውቅም። አባትህን ይቅር ብለኸዋል፤ ላላደረገው ነገር።

ሄልሜቴን ላወልቅ እጄን አነሳሁ። አላወለቅኩም። ያን ደግነትህን ያገኘሁት ማንነቴን ስላላወቅክ ነበር፤ ጥቂት ደቂቃ እንኳ በእጄ ይቆይልኝ ብዬ ሳሳሁ። ሒሳብ ስሰጥህ «ኧረ ይሄ ምን አለው፤ ደኅና ይግቡ ብቻ» ብለህ መለስክልኝ። ደኅና ገባሁ።

እቤት ተቀምጬ አሰብኩበት። ዝም ብል ማንም የሚጎዳ የለም። አንተ ከአባትህ ታርቀሃል፤ አንድ ቀን ደግሞ ከዚያች አሮጊት ሞተረኛ ጋር መንገድ ላይ ሰላም መባባል እንችላለን። ብናገር ግን ይቺንም አጣለሁ። ቢሆንም ያ ልጅ አድጎ «አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ይልሃል። «ሞተሬን ሸጠብኝ፣ እኔ ግን ይቅር አልኩት» እንዳትለው ብዬ ነው። ሌላ ሰው እንዳይጠላ ብሎ የገዛ ልጁን ያጣ ሰው ነበር በለው። ያ ሌላ ሰው ማን እንደሆነ ብትነግረውም ባትነግረውም ያንተ ፈንታ ነው።

መልስ ጻፍልኝ አልልህም። ሞተሯን ግን አልሰጥህም፣ ይህን እወቅ። ላንተ ልገዛት እንደገባሁ ጽፌያለሁ፤ አሁን ግን የእኔ ናት። ካቴናዋ እንደገና መላላት ጀምሯል። ሬዲዮ «ላጥብቀው» ቢለኝ «ተወው፣ የሚያጠብቀው ሰው አለ» አልኩት። እስከዚያው ከቤት እስከ ሥራ ብቻ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳት።

እጅህ አይዛል። የነካኸው ሁሉ ይዙርልህ። ለባለቤትህ ጤና፣ ለቤታችሁ ሳቅ ይብዛለት። የልጅህን ክፉ አያሳይህ፤ ሂድ ማለት ሲኖርብህ ሂድ የምትልበትን ልብ ይስጥህ።

የአባትህ ሚስት

ፖስታውን አይተህ ግር እንዳይልህ። ባንተ ስም የላክሁት ሁሉ ስለሚመለስ፣ ይህ የተላከው ለልጅህ ነው። የእሱን ስም ጻፍኩ፣ ቀጥሎ ያንተን፣ ቀጥሎ የአያቱን። ስሙ በአባትህ ተጀምሮ በአባትህ ያልቃል፤ አንተ መሀል ላይ ነህ። ማንበብ እስኪችል ድረስ ታቆይለታለህ። ተቀባዩ እሱ ነው።