መጨረሻው የጠፋ ካሴት

ጥር 4 ቀን 1988፣ ቅዳሜ

ገበያው ደማቅ ነበር። የብልባላ ሰዎች አህዮቻቸውን ውጭ አስረው ገቡ። ቪዲዮ ቤቱ ሞላ። ቤቱም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ጄኔሬተሩም የአባስ ነው። አፉ ብቻ የኔ።

ዛሬም ሦስተኛዋን ካሴት አሉ። ሦስቱም ያረጁ የህንድ ፊልሞች ናቸው። በሦስቱም የምትዘፍነው ያቺው ልጅ ናት። በመጀመሪያው ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። በሦስተኛው ቁመት ጨምራለች፤ የወተት ጥርሷ ወልቋል። ድምጿ ግን ያው... ቀጭን፣ የማይሰበር።

ህንድኛ አላውቅም። ያለኝ አስመራ ወታደር ሳለሁ ሲኒማ ቤት ስገባ ጆሮዬ ላይ የቀረ ጥቂት ቃል ነው። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ ከተዋናዮቹ ፊት እያነበብኩ በአማርኛ አወራለሁ። እስካሁን የተጠራጠረ የለም።

ሦስተኛዋ መጨረሻ የላትም። ደሴ የቀዳው ሰው የኳስ ጨዋታ ደርቦባታል። እናትየዋ ልጇን ባቡር ጣቢያ ጥላት ሄዳ ነበር። ከዓመታት በኋላ ልጅቷ ስትዘፍን ትሰማለች፣ በሰው መሃል እየተጋፋች ትሮጣለች... የኳስ ሜዳ ይመጣል። ስለዚህ ኳሱ ሳይመጣ አጠፋለሁ። ቀሪውን ቆሜ በአፌ እጨርሳለሁ። አገኘቻት፣ ልጅቷም አወቀቻት፣ ተቃቀፉ። ሰው አልቅሶ ይወጣል።

ጥር 6

ምሳ ጥሩነሽ ዘንድ። ጠላ ቤቷ ከቪዲዮ ቤቱ ቀጥሎ ነው። እሷ ዘንድ መብላት ከጀመርኩ ቆየሁ። ብዙ አናወራም። ዛሬ ግን እንጀራውን ከመቁረሴ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ ምናለ፣ ልጅቷ እናቷን በምን አወቀቻት?»

«በድምጿ ነዋ።»

«የምትዘፍነው ልጅቷ አይደለች? እናትየዋ መች ዘፈነች?»

ሌላ ጎረስኩ።

ከዚያ ነገረችኝ። በሰባ ሰባት ድርቅ ጊዜ ኮረም መጠለያ ውስጥ ሴት ልጅ ነበረቻት፣ እየሩስ የምትባል። አራት ዓመቷ። ሁለቱም ሊሞቱ ሆነ። እዚያ ትሠራ ለነበረች የአዲስ አበባ ሴት ሰጠቻት። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ ጠፋ። ዘንድሮ ለገና እዚህ ላሊበላ የመጡ ተሳላሚ፣ ልጅቷ በሕይወት አለች፣ ኮልፌ ነው ያለችው ብለው ሰፈሩን ሳይቀር ነገሯት።

ለሌላ ሰው አልተናገረችም። ልሂድ ወይስ ልተው? አለችኝ። እንደዚያ ዓይነት ነገር ጠይቃኝ አታውቅም።

ጥር 7

ከሄደች የት እበላለሁ ብዬ አሰብኩ።

ውሸት። ያሰብኩት ምሳውን አይደለም።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት። ታቦት ስንሸኝ አንድ ዲያቆን የልጅቷን ዘፈን በአፍንጫው ሲያንጎራጉር መሪጌታ ወልደ ኪዳን ሰሙት። ገላመጡት። «የየትኛው ሊቅ ድርሰት ነው?» አሉት። ልጁ መሬት አየ።

ጥሩነሽ ከጎኔ ትሄድ ነበር። ዐቢይ ጾም ሳይገባ መነሳት ይሻላል? አለችኝ። መንገዱ ተበላሽቷል አልኳት። መንገዱ ምንም አልሆነም። ጥምቀት ላይ ቆሜ...

ጥር 18፣ ቅዳሜ

ሮመዳን ስለሆነ አባስ አልገባም፤ ውጭ ጄኔሬተሩ ዘንድ ተቀምጧል። ጥሩነሽ እንደ ልማዷ ከኋላ።

ኳሱ ሳይመጣ አጠፋሁ። አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ወጣ። እናትየዋ ደረሰች፣ ልጅቷ ግን ሌላ እናት አላት፣ አላወቀቻትም፣ ፊቷን አዙራ ሄደች፣ እናትየዋም ባልመጣሁ ብላ ተመለሰች አልኩ።

ሰው ጮኸ። አዳም የሚባል የብልባላ ገበሬ ተነሳ።

«ባለፈው አግኝታት ነበር እኮ። ዛሬ ምን ነካት?»

ህንድኛው ዛሬ ገና በደንብ ገባኝ አልኩ። «እስከ ዛሬ ታዲያ በምንኛ ሲያወሩልን ነበር?» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጥሩነሽ አልሳቀችም። ሳያት ወጥታለች።

አባስ በኋላ ተቆጣኝ። አልቅሶ የወጣ ሰው ይመለሳል፣ አኩርፎ የወጣ አይመለስም አለ።

ጥር 20

ምሳ አቀረበች። እጄን አስታጠበችኝ። እስካጋምስ ጠበቀች።

«የቅዳሜው ነው እውነቱ?»

መዋሸት እችል ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እውነት ነው ብላት ትቀራለች...

የካሴቱ መጨረሻ ጠፍቷል አልኳት። ያንንም ይህንንም ያወራሁት እኔ ነኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም።

«ታዲያ የፊተኛውን ለምን ቀየሩት?»

ወደ ትሪው አጎነበስኩ። አየችኝ። ከዚያ ወጥ ጨመረችልኝ።

«ባታውቀኝም ልያት» አለች።

የካቲት 8

በወልድያው መኪና ሄደች። አንድ ዘንቢል ይዛለች። በመስኮት በኩል ቆሜ ነበር። ከጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ ባለቤትሽ ናቸው? አሏት።

«ጎረቤቴ ናቸው» አለች።

እውነቷን ነው።

የካቲት 11

ጾም ገባ። ዘፈን የለም፣ ቪዲዮ ቤቱ እስከ ፋሲካ ተዘጋ። የእኛ ሲገባ የአባስ ሊፈታ ነው። ለበዓሉ ቤቴ ና ብሎኝ ነበር። የፍስክ ነው፤ ምን ልበላ?

የካቲት 25

ሽሮ ሠራሁ። አረረ። በላሁት።

መጋቢት 3

ምንም።

መጋቢት 12

ከቴሌ የጥሪ ወረቀት መጣልኝ። በስምንት ሰዓት ተገኝ ይላል። በዕድሜዬ ተጠርቼ አላውቅም። ቀደም ብዬ ሄጄ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ድምጿ ከሩቅ ይመጣል፣ ይጠፋል። አግኝታታለች። ያሳደገቻት ሴት ክፉ አይደለችም፣ አስገብታ አብልታታለች። ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ናት። ጥሩነሽ እዚያው ሰፈር ቤት ተከራይታ ልብስ ማጠብ ጀምራለች።

«አወቀችሽ?» አልኩ።

«አላወቀችኝም። እትዬ ነው የምትለኝ።» አለች። «ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ፀጉሬን ሥሪኝ ትላለች።»

አትመለሺም? አልኳት።

«ጋሼ... ምን ብዬ?»

ደግ አደረግሽ አልኩ። መስመሩ ተቋርጧል። ከመቋረጡ በፊት ነው ያልኩት ወይስ በኋላ? የቴሌዋን ልጅ መጠየቅ አፈርኩ።

መጋቢት 13

ለምን እኔን ጠራች? ዘመድ አላት እኮ፣ ወንድሟ እዚሁ ነው።

ሚያዝያ 12፣ ቅዳሜ

ከፋሲካ ወዲህ የመጀመሪያው ቪዲዮ። ቤቱ ሞላ። ሦስተኛዋን አሉ። አዳም፣ ዛሬ እንዳናኮርፍ ያሟሙቁልን እንግዲህ አለኝ። ሳቁ።

ኳሱ ሳይመጣ አጠፋሁ። እናትየዋ ደረሰች አልኩ። ልጅቷ አላወቀቻትም፣ እትዬ አለቻት። እናትየዋ ግን አልተመለሰችም። እዚያው ቤት ተከራየች። ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፣ እናትየዋ ፀጉሯን ትሠራታለች።

የጮኸ የለም። ያለቀሰም የለም። የሚነሳም ጠፋ። አባስ ጄኔሬተሩን አጥፍቶ አንገቱን አስገባ፤ ምን ሆነው ነው የማይወጡት? በሚል ዓይን አየኝ።

«ኋላስ?» አለ አዳም።

ሁልጊዜ መልስ ነበረኝ። ፈለግሁት።

«አላውቅም» አልኩ።

አዳም ትንሽ አሰበና ዱላውን አነሳ።

«እንግዲያ የሚያውቅ ሰው ካለ ሄደው ይጠይቁልን» አለ።

ወጡ። አባስን፣ የወልድያው መኪና ስንት ሰዓት ይነሳል? አልኩት።