ደረጃው መሐል ኮት ለብሶ ስለቆመው ሞተር

ይድረስ ለተከበሩ የሐይቅ ዳርቻ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት ከፍታ።

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። በተለይ ወገብዎ እንዴት ነው? ወገብ የሁሉ ነገር መሠረት መሆኑን ሰሞኑን በቤታችን በሚገባ ስለተማርን፣ ለወዳጅም ሆነ ለአለቃ አስቀድመን የምንመኘው የወገብ ጤና ሆኗል። እኔ ትከሻዎቼ ተራ እየገቡ ከሚያሰሙብኝ አቤቱታ በስተቀር ደኅና ነኝ። ጽሑፌ ቢንጋደድ ከድካም እንጂ ከንቀት አለመሆኑን እንዲረዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ማን እንደሆንኩ ባያውቁኝም በመስኮትዎ አይተውኝ ይሆናል። አመሻሽ ላይ ከሐይቁ ወደ ግቢዎ በሚወጣው የድንጋይ ደረጃ፣ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴት የጀልባ ሞተር ራስና እግሩን ይዘው እንደ በሽተኛ ሲያወጡት ካዩ፣ ሴቲቱ እኔ ነኝ። ሽማግሌው አባቴ ናቸው። ዳርቻው ሁሉ "ካፒቴን" ይላቸዋል፤ በዕድሜያቸው ሙሉ ያዘዙት ሰው ግን እኔን ብቻ ነው፣ እኔም አልታዘዝም። ያለችን አንዲት በአየር የምትነፋ ትንሽ የጎማ ጀልባ ናት። መንገድ ወደማይደርስበት ማዶ መምህራኑንና አትክልት ሻጮቹን እናመላልስባታለን። ጀልባዋን ለብቻዬ አንሥቼ ጥላ ሥር አደርሳታለሁ፤ ሞተሯ ግን ከእሷ ይልቅ ስለሚከብድ ጎረቤቶቻችን እሷን "የሞተሩ ጫማ" እያሉ ይቀልዱብናል።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ምስጋናዬን ላቅርብ። ባለፈው ክረምት ከዳርቻው አንድ ሞተር ተሰርቆ ባለቤቱ ሲጮህ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ሳይውል ሳያድር መመሪያ አወጣ። ማንኛውም ሞተር ማታ ማታ ከጀልባው እየተፈታ ኮረብታው ላይ ባለው ግቢዎ መጋዘን ውስጥ እንዲያድር፣ ጠዋት መጋዘኑ ሲከፈት ደግሞ ባለቤቱ እንዲያወርደው ታዘዘ። አንዳንድ አፈ ሹል ሰዎች "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እያሉ ሲተርቱ ሰምቼ እኔ በበኩሌ ተቆጥቻለሁ። እርስዎ ለንብረታችን የተጨነቁለትን ያህል እኛ ራሳችን ተጨንቀንለት አናውቅም። የደረጃውን ነገር ባያውቁት ግን አልፈርድብዎትም፤ እርስዎ በኋላው በር በመኪና ስለሚገቡ ደረጃውን የሚያዩት ከላይ ነው፣ ከላይ ሲታይ ደግሞ ቁልቁለት ነው።

እንግዲህ ቅሬታ ማለት ይከብደኛልና፣ ጥቂት ትዝብቶቼን በተራ ቁጥር ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ስለ ጋሪው። ሸክማችን እንዲቀልልን በማሰብ ጽሕፈት ቤትዎ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ጎማው የማይንጫጫ፣ ሲያዩት የሚያምር የሞተር ጋሪ ስለገዛልን እጅ እንነሣለን። ጋሪው ደረጃ አይወርድም፤ ይህ የጋሪ ሁሉ ጠባይ ስለሆነ አይወቀስም። በእግረኛው በርም አይወጣም፤ ከበሩ ይሰፋል። ስለዚህ የሚኖረው መጋዘኑ ውስጥ ነው። እኛ ሞተሩን ከሐይቁ እስከ መጋዘኑ ደጃፍ በእጃችን እናመጣና፣ እዚያ ጋሪው ላይ አስቀምጠን፣ ከደጃፉ እስከ መደርደሪያው እየገፋን በደስታ እናስገባለን። ጋሪው ሥራ የሚጀምረው ሸክሙ ሲያልቅ ነው ማለት ነው። በዚህም ብዙ ባለሥልጣናትን ይመስላል እያሉ የሚያሙትን እኔ አልሰማሁም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥልጠናው። ጀልበኞች ወገባቸውን ያማቸዋል የሚል ወሬ ጆሮዎ ደርሶ፣ ስለ አሸካከም የሚያስተምሩ ባለሙያ አስመጡልን። ሥራ ፈትተን በአዳራሽዎ ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ባለሙያው ጉልበትን አጥፎ፣ ጀርባን አቅንቶ፣ ዕቃን ወደ ደረት አስጠግቶ እንዴት እንደሚነሣ በባዶ ካርቶን አሳዩን። በእውነት ካርቶኑ በቀላሉ ተነሣ። ሲዘጉም "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ብለው መከሩን። አባቴ ከጎኔ ሆነው፣ እኛ ሎሚ አንሸከምም፣ ሃምሳም አይደለንም ብለው በሹክሹክታ ሲናገሩ ሳቄን ለማፈን ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። በማግስቱ ደረጃው ግርጌ፣ እኛ ትንፋሽ ልንወስድ በምናርፍበት ድንጋይ ፊት ለፊት፣ "ስለ ደኅንነትዎ እናስባለን" የሚል ሰሌዳ ተተክሎ አገኘነው። ሲያርፉ የሚያነቡት ነገር መኖሩ ደግ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ዳርቻው ዘበኛ። ዘበኛው ድሮም የነበሩ ናቸው፤ ቆርቆሮ የለበሰች ቤት ተሠርታላቸዋለች፣ በሯም ጠንካራ ቁልፍ አለው። ሞተሮቹ ሁሉ ኮረብታ ከወጡ በኋላም ከሥራቸው አልተነሡም። ዛሬም እየመሸ ሲመጣ ካፖርታቸውን ለብሰው ሐይቁን ይጠብቃሉ። ሐይቁም እስካሁን አልተሰረቀም። እኚህ ሰው ደግ ናቸው፤ ባዶዋን ክፍላቸውን እያሳዩ፣ ሞተሮቹ እዚህ ቢያድሩ ምን ነበረበት እያሉ ለአባቴ ብዙ ጊዜ አንሥተውላቸዋል። አባቴም፣ የበላይ ያሰበበትን እኛ ምን አውቀን ብለው ያልፉታል።

ጠዋት መጋዘን ከፋቿ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ እስክትመጣ ማዶ የሚሻገሩት መምህራን በዳርቻው ቆመው ሰዓታቸውን እንደሚያዩ፣ ማዶ ያሉት ተማሪዎችም ያለ አስተማሪ እንደሚቀመጡ በተራ ቁጥር ልጽፈው አስቤ ነበር። እሷ ላይ ጣቴን የቀሰርኩ እንዳይመስል ተውኩት። እናት ናት፣ ምን ታድርግ።

አራተኛው ረዘም ስለሚል፣ ካልቸኮሉ ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ።

አስቀድሞ ስለ እኔና ስለ አባቴ አያያዝ አንድ ነገር ማወቅ ይኖርብዎታል። የሞተር ክብደቱ ያለው ራሱ ላይ ነው። እግሩ፣ ማለትም ውኃውን የሚመታው ፕሮፔለር ያለበት በኩል፣ ቀለል ይላል። አባቴ ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ራሱን እኔ ልያዝ ብላቸው በጭራሽ አሉ። ስለዚህ በዘዴ ያዝኳቸው። የፕሮፔለሩ በኩል ልምድና ጥንቃቄ ይጠይቃል፣ ድንጋይ ቢነካው ይሰበራል፣ እኔ አልችልበትም አልኳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከባዱን እኔ፣ ቀላሉን እሳቸው እየያዝን ኖርን። አምነውኝ ይሁን ለልቤ ብለው ዝም ብለውኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደረጃውን በወጣን ቁጥር "ቀስ በይ፣ አንቺ እኮ ቀላሉን ነው የያዝሽው" ይሉኝ ነበር።

ታዲያ የበላይ እንግዶች መመሪያዎ በሥራ ላይ ሲውል ሊያዩ የመጡ ዕለት፣ የኛን ቀደም ብለን አውጥተነው ነበርና፣ ዳርቻው ላይ የቀረ አንድ ሞተር ብቻ ተገኘ። እሱም የራስዎ ጽሕፈት ቤት ሞተር ነው። ከኛው እጅግ የሚበልጠው ይህ ሞተር ወደ ኮረብታው ወጥቶ አያውቅም፤ ለምን ተብሎ ሲጠየቅም ከባድ ስለሆነ ነው ይባል ነበር። በዚህ መልስ ሁላችንም እናምናለን። እንግዶቹ ሊደርሱ ሲሉ ተላላኪዎ እየሮጡ ወርደው፣ ካፒቴንና ልጃቸው ልምድ ስላላቸው እንዲተባበሩ ብለው እርስዎ ያስተላለፉትን ትእዛዝ ነገሩን። ሌሎቹ ጀልበኞች ማዶ ነበሩና፣ እነሱ እስኪመለሱ እንጠብቅ ብዬ አባቴን ለመንኩ። አባቴ ግን በተጠሩበት ቦታ ዘግይተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

ወደ ሞተሩ ራስ ስሄድ ቀድመውኝ ያዙት። ያንኑ የለመድኩትን ምክንያት ደገምኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና "ዛሬ ከባዱን እኔ ነኝ የምይዘው፤ የመንግሥት ዕቃ ነው" አሉኝ። በዚያች ቅጽበት ዘዴዬን ከመጀመሪያውም እንደሚያውቁት ተጠራጠርኩ፤ ለመጠየቅ ግን ትንፋሽ አልነበረኝም።

ደረጃው የሚታጠፍበት ቦታ ስንደርስ ወገባቸው ከዳቸው። አልጮኹም። ሞተሩንም አልለቀቁትም። ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ቀስ አድርገው አወረዱትና ግድግዳው ላይ ቀጥ አድርገው አስደገፉት። ከዚያ እሳቸው ተቀመጡ፤ ተቀመጡ ከምል ወደቁ ብል ይሻላል። ካፊያ ሲጀምር ኮታቸውን እንዳወልቅላቸው ጠየቁኝ፤ ሊያነጥፉት መስሎኝ ነበር። ሞተሩን አልብሺው አሉኝ። እርስዎ ይበርድዎታል ብላቸው "የኔ ወገብ የግል ነው፤ ይህ ግን የመንግሥት ነው" ብለው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ያን ፈገግታ ባላየሁት እወድ ነበር።

በዚያው ሰዓት እርስዎ እንግዶቹን ዳርቻውን ሊያስጎበኙ በደረጃው ሲወርዱ፣ ይመስለኛል ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አጠገባችን ደረሱ። ከእንግዶቹ አንዱ ኮት ወደለበሰው ሞተር እያመለከቱ ምን እንደሆነ ሲጠይቁዎት፣ "ሥራው በሂደት ላይ ነው" ብለው አስረዱ። እንግዶቹም ረኩ። ድንጋይ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ግን ምን እንደሆኑ የጠየቀ አልነበረም፤ ቢጠየቁም በሂደት ላይ ናቸው ይባል ነበር።

ጀልበኞቹ ከማዶ ሲመለሱ አባቴን በሳንቃ አስተኝተው፣ ራስና እግራቸውን ይዘው ወደ ቤት ወሰዱልኝ። ሐኪሙ በጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ እንዲተኙ፣ ከእንግዲህም ሸክም የሚባል ነገር እንዳይነኩ አዘዙ። የግራ እግራቸው ደንዝዟል። ይመለስ እንደሆን ሐኪሙን ስጠይቃቸው እንጠብቅ ነው ያሉኝ። ጠዋት ጠዋት ይሰማቸው እንደሆን የእግራቸውን አውራ ጣት በመርፌ ጫፍ ነካ አደርግላቸውና ፊቴን እንዳያዩ አንገቴን እደፋለሁ። እፈራለሁ፣ የተከበሩ ኃላፊ። ይህን በትሕትና የምጽፍበት መንገድ ስላጣሁ እንዲሁ ጻፍኩት።

አምስተኛም ነበረኝ። ደክሞኛል፣ ይለፈኝ።

አሁን የኛ ሞተር በመጋዘንዎ መደርደሪያ ላይ በሰላም ተቀምጧል፤ ሌባ አይደርስበትም፣ እኔም አልደርስበትም። ብቻዬን ላወርደው አልችልም፤ ጀልበኞቹ ባገኙት ጠዋት ያግዙኛል፣ ግን የየራሳቸው ሸክም አለባቸው፣ የየራሳቸውም ወገብ። ጀልባችን ዳርቻው ላይ ቀስ በቀስ አየሯን እያፈሰሰች ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ ሞተሮቻችን ዳርቻው ላይ፣ ዘበኛው ባዶዋን በሚጠብቋት ክፍል ውስጥ እንዲያድሩ ይፍቀዱልን። ዘበኛው የሚጠብቁት ነገር ያገኛሉ፤ ጋሪው ያርፋል፤ አባቴም ተነሥተው መራመድ ከቻሉ ዳርቻው ድረስ መጥተው ቁጭ ብለው ሊያዙኝ ይችላሉ። እኔም ለዚያን ቀን ልታዘዝ ተዘጋጅቻለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ወንበርዎ የማይወዛወዝ፣ መስኮትዎ የማይጋረድ፣ ወገብዎም እንደ መመሪያዎ የማይታጠፍ ይሆንልዎት ዘንድ ከልብ እመኛለሁ።

ታዛዥዎ፣ የካፒቴን ልጅ፣
በደረጃዎ ላይ የሞተር ራስ ተሸካሚ።

ማስታወሻ፦ የጽሕፈት ቤትዎ ሞተር እስከ ዛሬ የአባቴን ኮት እንደለበሰ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆሟል። ሠራተኞችዎ ጎናቸውን አጥብበው ያልፉታል፤ አንዱማ "መንካት ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ለጥፎበታል። ኮቱን ብቻ ልውሰድ ብዬ አባቴን ባማክራቸው፣ ሞተሩን ዝናብ ይመታዋል ብለው ከለከሉኝ። እሳቸው ያላቸው ኮት ያ ብቻ ነው፤ ብርዱም እየመጣ ነው። እንግዲህ ኮቱ እንዲመለስ ሞተሩ መነሣት አለበት። ሞተሩ የሁለት ሰው ሸክም ነው፤ አንዷ እኔ አለሁ። ስለዚህ በሚመችዎት ማታ ብቅ ይበሉ። ከባዱን፣ ራሱን፣ እኔ እይዛለሁ። እርስዎ በፕሮፔለሩ በኩል ይያዙ፤ እሱ ልምድና ጥንቃቄ ይጠይቃል።